በምስለ ችሎት የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ ሆኜ

ወደ ምስለ ችሎት ውድድር ለመግባት ለምታመነቱ የሕግ ተማሪዎች፣ የቡድናችን ልምምድ እስካሁን የደረሰበትን ላካፍላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አዘጋጆቹ የፈጠራ ክርክር ያወጣሉ፤ ቡድኑ ለአመልካችም ለተጠሪም የጽሑፍ ክርክር አዘጋጅቶ በዳኞች ፊት በቃል ይሟገታል። ስመ ጥሩው በ1960 (እ.ኤ.አ.) በሃርቫርድ የተጀመረው የጄሰፕ ውድድር ሲሆን፣ በአህጉራችን ደግሞ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል ከ1992 ጀምሮ የሚያዘጋጀው አለ።

አሠልጣኛችን ለመለማመጃ የሰጡን ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን ዘ ሔግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሱበት የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ ክርክር። በዕጣ የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ ሆንኩ። የመንግሥታት ማኅበር እንዲያስተዳድረው በአደራ በሰጠው ግዛት ላይ አፓርታይድን የዘረጋ መንግሥት፣ ከሳሿ ደግሞ የገዛ አገሬ!

መዝገቡን ሳገላብጥ የገባኝ ነገር አፓርታይድን አንዲት ቃል እንኳ ሳልከላከልለት መከራከር እንደምችል ነው። ጥያቄው «እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ብትሆንም፣ የአደራው ግዴታ የተገባው ለማኅበሩ እንጂ ለእያንዳንዱ አባል አይደለም ብዬ ቆምኩ። ፍርድ ቤቱም በ1966 የተቀበለው ይህንኑ ነው። ድምፁ ሰባት ለሰባት ተከፈለ፤ ፕሬዚዳንቱ ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን ደፉት። ይህን ውሳኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ግፍ ብቻ ነበር የማውቀው። ዛሬም ስህተት ነው እላለሁ፤ ልዩነቱ አሁን ስህተቱ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሆነ ማሳየት መቻሌ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከጥያቄዎቹ ነው። ንግግሬን ገና ስጀምር እንደ ዳኛ የተቀመጡት መምህር አቋረጡኝ፦ «ይህ ፍርድ ቤት በ1962 የደቡብ አፍሪካን መቃወሚያ ውድቅ አድርጎ ሥልጣን አለኝ ብሏል። አሁን ምን አዲስ ነገር ይዘው መጡ?» በጽሑፍ ፈተና ላይ ቢሆን ጥያቄውን በሦስት ገጽ ሐተታ ዙሪያውን መዞር ይቻላል። እዚያ ላይ ግን ሰውየው ዓይን ዓይንህን እያዩ ይጠብቃሉ። የቡድናችን ሕግ አሁን «መጀመሪያ አዎ ወይም አይደለም፣ ምክንያቱ ቀጥሎ» የሚል ነው። ሥልጣን መኖሩ አንድ ጉዳይ፣ ከሳሽ በክሱ መብት ያለው መሆኑ ሌላ ጉዳይ፤ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር እስክችል ብዙ ላብ ፈሷል።

ምስለ ችሎት ለአንደበተ ርቱዓን ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ከእኛ ሁሉ የሚበልጠው በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። መዝገቡን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ዳኛ አያስደነግጠውም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ታላላቆቹ ውድድሮች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ብዙዎቻችን ነገ የምንቆመው ግን በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ በሚያስችል ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ይህንኑ ክርክር በአማርኛ ደገምነው። ያኔ ለፈተና ብቻ የሸመደድነው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 33(2) ነፍስ ዘራ፤ በክሱ ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም የሚለው ማለቴ ነው። ዘ ሔግ ላይ የተነሣው ጥያቄ በየወረዳው ፍርድ ቤት የሚነሣው ጥያቄ ዘመድ ነው።

በሚቀጥለው ዙር ጎን ቀይረን እኔ ለኢትዮጵያ እከራከራለሁ። ለዚያ የያዝኩት የተቃውሞ ሐሳብ የዳኛ ፊሊፕ ጄሰፕን ነው፤ ውድድሩ በስማቸው የሚጠራው ሰው በ1966 ከኢትዮጵያና ከላይቤሪያ ጎን ቆመው ረጅም የልዩነት ሐሳብ ጽፈዋል። ትምህርት ቤታችሁ ቡድን ከሌለው፣ የግራ ቀኙ የጽሑፍ ክርክርና ውሳኔው በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ሁለት ሆናችሁ ወገን ተከፋፈሉ፣ ሦስተኛ ሰው ፈልጉና እንዲያቋርጣችሁ አድርጉ።