ስልኩ ሲወረስ መጽሐፉም ይወረሳል

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ተማሪ ስልክ ይዞ ወደ ግቢ እንዳይገባ ከልክሏል፤ በር ላይ የተያዘ ስልክ የሚመለሰው ለወላጅ ነው፣ ያውም በዓመቱ መጨረሻ። የክልከላውን መነሻ አልቃወምም። የኋላ ረድፍ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ጠረጴዛ ሥር ቲክቶክ ሲያገላብጡ፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ ያመሹትም ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያንቀላፉ አያለሁ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 በአንደኛና በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ስልክ መጠቀምን በሕግ ከልክላለች፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል የሚገባው ትምህርትን ሲያግዝ ብቻ እንዲሆን መክሯል። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሁለቱም ተጠቅሰዋል። ነገር ግን የፈረንሳይ ተማሪ ስልኩን ሲያስረክብ መጽሐፉ ቦርሳው ውስጥ ይቀራል፤ የእኛ የመንዝ ተማሪ ስልኩን ሲያስረክብ መጽሐፉንም አብሮ ያስረክባል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም፤ የደረሰው ሶፍት ኮፒው ነበር፣ እርሱም በቴሌግራም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ልጆቹ ፋይሉን ከሱቅ በሜሞሪ እያስጫኑ፣ እርስ በርሳቸውም ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው የዜንደር መተግበሪያ እየተላላኩ አነበቡ። ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማችን ቤት የተከራዩትን ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ይከብደኛል። በሶና ቆሎ ሰንቀው፣ ሦስትም አራትም ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ፤ ከመካከላቸው ስክሪን ያለው ስልክ የሚኖረው ለአንዱ ወይም ለአንዷ ነው። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ስልኳ የተወሰደባት ልጅ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ወደ እኔ የመጣችው አብራት የምታድረው ጓደኛዋ ነበረች። «ቲቸር፣ የሁላችንም ባዮሎጂ እኮ እሷ ስልክ ላይ ነው» አለችኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የባዮሎጂ መጽሐፏን እስከ ዓመቱ መጨረሻ መውረስ የትኛው የሥነ ምግባር አንቀጽ እንደሚፈቅድ ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም።

በስብሰባው «ስልኩ የሚከለከለው ለተማሪው አእምሮ ጤና ነው» የሚል ክርክርም ተነሥቷል። ለአእምሯቸው ከተጨነቅን እኔ የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ፤ በፊት በነበረው ውጤት ራሳችንን ስናታልል ኖረናል። ቢሆንም እነዚህን ቁጥሮች ከእኛ ይልቅ ልጆቹ በቃል ያውቋቸዋል፤ ከመቶ ስንቱ እንደሚወድቅ እያሰሉ ነው የሚያነቡት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፈተናው ከፊሉ በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። የእኛ ልጆች ስለ ጥያቄው ይዘት ከሚጠይቁኝ በላይ መልስ ሲቀይሩ የመጀመሪያው ይጠፋ እንደሆነ፣ መብራት ቢቋረጥ ሰዓቱ ይቆም እንደሆነ ይጠይቁኛል። ማውስ ይዘው የማያውቁ ናቸው፤ የኮምፒውተር ክፍላችን ቁልፍ ከማን ዘንድ እንዳለ እንኳ በእርግጠኝነት የሚናገር መምህር ማግኘት ይቸግራል።

ውጤቱም የሚመጣው በዚያው በተከለከለው ስልክ ነው። ልጁ የመለያ ቁጥሩን ያስገባና ከተከራየባት ክፍል ውስጥ ብቻውን ያየዋል፤ ክረምት ስለሆነ መምህርም ጓደኛም አጠገቡ የለም። ወላጆቹ ያላቸውን በግ ሸጠው ያስተማሩት ከሆነ፣ ያንን ቁጥር ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድበትን መንገድ እኔ ማሰብ ይከብደኛል። በወረቀት ላይ የምክር አገልግሎት አለን፤ በተግባር የሚሰጠው ግን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያለው የሲቪክስ መምህር ነው፣ ያውም ሲመቸው።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ዘመን፣ ማለትም ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረበት ዘመን ተማሪ ነኝ። የደቡብ አፍሪካው መምህር በእንግሊዝኛ ሲፈጥን የክፍላችን መምህር ጥግ ቆሞ ያያል፤ ስርጭቱ ሲያልቅ በቀረው ደቂቃ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግራ ይገባው ነበር። ያኔ ቴክኖሎጂ በመመሪያ መጣ፤ አሁን በመመሪያ ይወጣል። በሁለቱም ጊዜ ለተማሪው «እንዴት ታነባለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አላየሁም።

ለርእሰ መምህሩ ሁለት ነገር ጽፌ አስገብቻለሁ። ስልክ ጠዋት በክፍል ኃላፊው እጅ በሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥና ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለንባብ ይመለስ፤ የተያዘም ስልክ በሳምንቱ መጨረሻ ለተማሪው ይሰጥ። «ይታያል» ብለውኛል። እስከዚያው ለፈተና የሚደርሱትን የባዮሎጂ ምዕራፎች ለማባዛት ወረቀት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ የማባዣው ቀለም ግን አልቋል።