ሦስት ጊዜ የተቆረጠ ቀን

የሬዶንዶ ቢች ከተማ በባሕር ዳሯ በቆመው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ምክንያት ያካሄደችው ሙግት በዋነኛነት የቀን ሙግት ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለ ዓሣው፣ ስለ ሙቁ ውሃና ስለ ጭሱ ብዙ ተብሏል፤ ከተባለውም አብዛኛው እውነት ነው። ከተማዋን ፍርድ ቤት ያደረሳት ግን ጣቢያው እንዲዘጋ መንግሥት ራሱ ቆርጦ የሰጣትን ቀን መልሶ ራሱ ማንሣቱ ነው።

ከተማዋ በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ሞኒካ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ክፍል የምትገኝ ሲሆን ነዋሪዎቿ ከ70 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው። በተፈጥሮ ጋዝ ሲሠራ የኖረው ጣቢያ ከጀልባዎች ወደብ ጀርባ፣ ወደ 20 ሄክታር በሚጠጋ ቦታ ላይ ተንሰራፍቷል። አካባቢው በጥንት ጊዜ ነባር ሕዝቦች ጨው ያወጡበት የነበረ የጨው ሐይቅ ሲሆን፣ የአሁኖቹ ሕንፃዎች የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳው ላይ ግዙፍ ዓሣ ነባሪዎች ሲዋኙ ተሥለዋል። ዓሣ ነባሪ በግድግዳው ላይ ያሣለ ሕንፃ በሥሩ የዓሣ ዕንቁላል በቧንቧ ሲምግ መኖሩን ሠዓሊው አስቦበት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር ይኸው ነው ትዝ የሚለኝ።

አሠራሩ የቆየና ቀላል ነው። ጋዙ ነድዶ በቦይለሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል፣ ተርባይኑን አልፎ የወጣው እንፋሎት ደግሞ ተመልሶ ውሃ እንዲሆን መቀዝቀዝ አለበት። ለዚህም ፓምፖች የባሕር ውሃ እየሳቡ፣ ኮንደንሰር በሚባለው ክፍል ውስጥ በተደረደሩ በሺዎች በሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሳልፉታል፤ ውሃውም ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ መጣበት ባሕር ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ያረጀ ጣቢያ ከነዳጁ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ሲሶው ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከቀሪው የሚበዛው ወደ ባሕሩ ይገባል።

የሰው ዓይን የሚያርፈው በሚለቀቀው ውሃ ላይ ነው፤ ሲፍለቀለቅ ይታያልና። ሙቁ ውሃ በወደቡ ውስጥ የሚወጣበትን ቦታ ዓሣ አጥማጆች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ቦኒቶ የሚባለው ዓሣ ሙቀቱን ወድዶ ስለሚሰበሰብበት መንጠቋቸውን ይዘው ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ይህን እያነሡ «እንዲያውም ባሕሩ ተጠቀመ» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ተጣብቀው የሚያድጉትን ፍጥረታት ለማጥፋት የሚጨመረው ክሎሪንም አብሮ ይወጣል። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ጉዳት ያለው ውሃው ሲወጣ ሳይሆን ሲገባ ነው። ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ የዓሣ እጭ በወንፊቱ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፤ በፓምፑ ይናጣል፣ በቱቦው ውስጥ በቅጽበት ይሞቃል፣ ክሎሪኑን ይቀምሳል፤ ከሌላኛው ጫፍ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ሬሳ ነው። በወንፊቱ ማለፍ የማይችለው ትልቁ ዓሣ ደግሞ በውሃው ግፊት ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በካሊፎርኒያ ዳርቻ በዚህ ዘዴ ይሠሩ የነበሩት 19 ጣቢያዎች በድምሩ በቀን ከ15 ቢሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ከ56 ቢሊዮን ሊትር በላይ ውሃ የመሳብ አቅም እንደነበራቸው ሲታሰብ የአንዲቷ እጭ ታሪክ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን ለጣቢያውም ቢሆን ሚዛን መጠበቅ ይገባል። በማርች 2011 በሚሊዮን የሚገመቱ ሰርዲኖች በዚያው ወደብ ሞተው ሲንሳፈፉ ጣትን ወደ ጭስ ማውጫዎቹ መቀሰር ቀላል ነበር፤ ባለሙያዎች መርምረው የደረሱበት ምክንያት ግን መንጋው በጠባቡ ወደብ ተጨናንቆ ኦክስጅን ማጣቱ ነው። ጥሩ ክርክር ያላት ከተማ የሌለ ወንጀል መጨመር አያስፈልጋትም።

ቀኑ የመጣው በሜይ 2010 ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት የውሃ ሀብት ቁጥጥር ቦርድ፣ የ1972ቱን የፌዴራል የንጹሕ ውሃ ሕግ ተከትሎ ባወጣው መመሪያ፣ የባሕር ዳር ጣቢያዎች የሚስቡትን ውሃ በ93 በመቶ እንዲቀንሱ ወይም ከዚያ ጋር የሚመጣጠን መከላከያ እንዲያደርጉ አዘዘ። ለአሮጌ ጣቢያ ይህ ትእዛዝ በተግባር «ዝጋ» እንደ ማለት ነበር። ለሬዶንዶ የተቆረጠው ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሆነ። ነዋሪዎቹ በቦታው ምን ይሁን በሚለው ላይ እንኳ አልተስማሙም ነበር፤ በ2013 ጣቢያውን ለማስወገድ ያለመ ሐሳብ፣ በ2015 ደግሞ ባለቤቱ ያቀረበው የቤቶችና የሆቴል ዕቅድ ለሕዝብ ድምፅ ቀርበው ሁለቱም በጠባብ ልዩነት ወደቁ። አስተዳደሩ ግን ቀኑን አምኖ ስለ መናፈሻና ስለ ረግረጋማው መሬት ማገገም ማቀድ ጀመረ።

ከዚያ ኦገስት 2020 ደረሰ። በኃይለኛው ሙቀት ምክንያት በ14ኛውና በ15ኛው ቀን ምሽት ፀሐይ ስትጠልቅ የፀሐይ ኃይል ቀነሰ፣ የአየር ማቀዝቀዣዎች ግን አልጠፉም፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በየተራ መብራት ተቋረጠባቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ ቦርዱ የሬዶንዶን ቀን በአንድ ዓመት ገፋው፤ ለአላሚቶስ፣ ለሃንቲንግተን ቢችና ለኦርመንድ ቢች ጣቢያዎች ደግሞ ሦስት ዓመት ሰጠ። ከተማዋ ውሳኔውን በመቃወም ክስ መሠረተች። የሚቀጥለው ዓመት የሙቀት ወራት ሲደርሱ ያው የመብራት ስጋት እንደገና ተነሣ፤ ቦርዱም በኦክቶበር 2021 ቀኑን እንደገና ገፍቶ እስከ 2023 መጨረሻ አደረሰው።

የመብራቱ ስጋት የፈጠራ ወሬ አልነበረም፤ በዚያ ሙቀት ቤታቸው ታማሚና አረጋዊ ያላቸው ሰዎች የሚሉትን መስማት ያስፈልጋል። የማይዋጥልኝ ሌላ ነገር ነው። የዚህ ዓይነት የእንፋሎት ማሽን እንደ አምፑል ተጭኖ የሚበራ አይደለም፤ ከቀዘቀዘበት ተነሥቶ ኃይል እስኪሰጥ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የምሽት ችግር ሲባል አስቀድሞ መሞቅ፣ ፓምፖቹም ውሃ መሳብና ማፍሰስ አለባቸው። መንግሥት ምትክ የሚሆን ኃይል ለማዘጋጀት አሥር ዓመት ሙሉ ነበረው። አሥር ዓመት ነገ ዛሬ ሲባል ቆይቶ በመጨረሻው ሰዓት «አስቸኳይ ነው» ሲባል፣ የአስቸኳዩን ዕዳ የሚከፍሉት በመዘግየቱ እጃቸው የሌለበት አንድ ትንሽ ከተማና አንድ ወደብ ናቸው።

ሦስተኛው ቀን ግን ጸና። በኦገስት 2023 ሌሎቹ ሦስት ጣቢያዎች እስከ 2026 መጨረሻ ሲራዘምላቸው የሬዶንዶው ሳይጨመር ቀረ፤ ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ሥራውን አቆመ። ከንቲባው ቢል ብራንድ ጣቢያው እንዲዘጋ ለብዙ ዓመታት የታገሉ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ከሳንባ ካንሰር ጋር እየታገሉ ሥራቸውን የቀጠሉ ሰው ነበሩ። ያረፉት በጃንዋሪ 2024 ነው፤ ፓምፖቹ ከቆሙ አንድ ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር።