ለእማዬ ያልነገርኳት መርፌ

ባለፈው ነሐሴ አንድ አርብ ምሽት፣ ከሥራ ወጥቼ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የድመቴ የውሮ የደም ምርመራ ውጤት በስልኬ ደረሰኝ። የተላከው ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ስለነበር ቁጥሮቹን የሚያብራራልኝ ሰው አልነበረም። ኤኤልቲ ከሚባለው የጉበት ኢንዛይም ትይዩ 412 ተጽፏል፤ ከጎኑ የሰፈረው የጤነኛ ድመት ልክ ግን ከ12 እስከ 130 ነው። ኤኤልፒ የሚባለውም ከ111 ማለፍ ሳይገባው 168 ደርሷል። ውሮ የስኳር በሽተኛ መሆኑን ካወቅሁ አምስት ወር ስለሆነኝ የስኳሩ መጠን ከፍ ማለቱ አላስደነገጠኝም፤ ጉበት የሚለውን ቃል ሳነብ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። እኛ ቤት ጉበቱ ታሞ የዳነ ሰው አላየሁም፤ አባቴም የሄደው በዚያው ነው።

ውሮ ወደ እኔ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ድመታቸውን ይዘው መግባት አልተፈቀደላቸውም፤ ልጃቸውም የሚኖረው ሩቅ ስለነበር በመጨረሻው ቀን እጄን ይዘው «እሱ አንቺን ያውቅሻል» አሉኝ። የቀድሞ ስሙ ለአፌ ስላልተመቸኝ በአገራችን ልማድ ውሮ አልኩት፤ ሳምንት ሳይሞላው ስሙን ለይቶ ሲጠራ ከሶፋው ሥር መውጣት ጀመረ። በዚህ አገር ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሌላ ነፍስ የለም።

በመጋቢት ወር ውኃ አብዝቶ መጠጣትና ሽንት ማብዛት አመጣ፤ ቀጥሎም የኋላ እግሮቹ ደክመው በተረከዙ እየረገጠ መሄድ ሲጀምር ወደ ሐኪም ወሰድኩት። ድመት ክሊኒክ ሲገባ በድንጋጤ ብቻ ስኳሩ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሐኪሟ በአንድ ልኬት ሳትወሰን ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገደማ የስኳር ሁኔታ የሚያሳየውን የፍሩክቶሳሚን ምርመራ አሠራችለት። እሱም ከፍ ብሎ ተገኘ። ግላርጂን የሚባለው፣ ሰዎችም የሚወጉት ኢንሱሊን፣ በየ12 ሰዓቱ አንድ ዩኒት ታዘዘለት።

መርፌ መውጋት አዲስ ነገር አልሆነብኝም፤ ደሴ ሳለሁ፣ በልጅነቴ፣ እማዬን የምወጋት እኔ ነበርኩ። የከበደኝ ለእሷ መንገሩ ነው። እማዬ ከ25 ዓመት በላይ በኢንሱሊን የኖረች ሰው ናት። መብራት ሲጠፋ ብልቃጧን በእርጥብ አሸዋ መሃል በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ ታቀዘቅዛለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸችው ኢንሱሊኗን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛ ነው፤ ያልቅብኛል ብላ ከታዘዘላት እየቀነሰች የተወጋችባቸውን ቀናት የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። በየወሩ ገንዘብ እልክላታለሁ። ቢሆንም ይህን ሁሉ ላየች እናት፣ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ለድመት የተገዛ ኢንሱሊን አለ ብዬ ለመንገር ድፍረት አጣሁ። አምስት ወር ሙሉ፣ በቪዲዮ ስትደውል ብልቃጡንና ሲሪንጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ ነበር።

ያን አርብ ማታ ወደ አንድ የድንገተኛ እንስሳት ክሊኒክ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ይበላል ወይ፣ ያስመልሰዋል ወይ፣ ድዱና የጆሮው ውስጠኛ ቆዳ ቢጫ ሆኗል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ወትሮው ባይሆንም ይበላል፤ አላስመለሰውም፤ ቢጫ መሆኑን ግን በአምፖል ብርሃን መለየት አቃተኝ። ከነዚህ አንዱ ከተለወጠ ወዲያውኑ ይዘሽው ነይ፣ ካልሆነ እስከ ሰኞ መጠበቅ ትችያለሽ አለችኝ። ሲነጋ መስኮት አጠገብ አቅፌ ከንፈሩን ገለጥኩ። ድዱ ሮዝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ እንደገና ገለጥኩት፤ ምስኪኑ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ እዚያ ምሽት 12 ሰዓት ሆኖ፣ እማዬ እራቷን ከመብላቷ በፊት ደወለች። ፊቴን እንዳየች ምን ሆንሽ አለችኝ። መደበቁ ሰለቸኝና ከመጋቢት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «ዓይኑ ቢጫ ሆኗል? የወፍ በሽታ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አልሆነም፣ እማዬ።»

«እህል ይቀምሳል?»

«ትንሽ ትንሽ ይበላል።»

«እንግዲያው ስሚኝ፣ ልጄ፤ ሳይበላ እንዳትወጊው።»

ይህን የምትለው ደርሶባት ነው። አንድ ዓመት በፍልሰታ ሱባኤ፣ ተወግታ ሳለ ለማስቀደስ ብላ ሳትበላ ሄዳ፣ ስኳሯ ወርዶ በቅዳሴ መሃል ወድቃለች፤ ከንፈሯ ላይ ማር የቀቡላት ሴቶች ናቸው ያተረፏት። ለምን ደበቅሽኝ አላለችም። «እኔ የማውቀው በሽታ ነው የያዘው፤ እንዴት አያሳዝነኝም?» ብቻ አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሰኞ ሐኪሟ በእርጋታ አስረዳችኝ። በስኳር በሽተኛ ድመት የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል የራሱን ስብ እያቀለጠ ወደ ጉበት ይልካል፣ ስቡም እዚያ ይከማቻል። ኤኤልፒን ግን ችላ ማለት እንደማይገባ ነገረችኝ፤ ይህ ኢንዛይም በውሻ ደም ውስጥ ለቀናት ሲቆይ በድመት ደም ግን በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በድመት ትንሽ ጭማሪም ትርጉም አለው። ሲበዛ ሰውነትን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ግን ጤናማ መሆኑ ደግ ምልክት ነው። በዕድሜ የገፉ ድመቶች የእንቅርት ዕጢያቸው ሆርሞን ሲበዛም ኤኤልቲያቸው ስለሚጨምር እሱንም አስመረመረችው፤ ነጻ ሆነ።

ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣችው። በሐምሌ መጀመሪያ 15 ፓውንድ ተኩል የነበረው ድመት በአምስት ሳምንት ውስጥ 13 ፓውንድ ከ4 አስረኛ ሆኗል። ምግቡን ለውጠሽበታል ወይ ስትለኝ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት፤ ክብደቱ ቢቀንስ ስኳሩ ይስተካከላል ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ምግቡን በግማሽ ቀንሼበት ነበር። ሰው ሲወፍር ምግብ ቀንስ ይባላል፤ ለድመትም ያው መስሎኝ። ወፍራም ድመት ግን በድንገት ምግብ ሲያንሰው፣ ይልቁንም ለጥቂት ቀናት ጨርሶ ካልበላ፣ የሚቀልጠው ስብ ጉበቱን ሊያጥለቀልቀው እንደሚችልና ያ ደረጃ ላይ ከደረሰ በቱቦ እስከ መመገብ እንደሚያደርስ ያን ቀን አወቅሁ። የድመት ክብደት መቀነስ ካለበት በሳምንት ከመቶ 2 እጅ ሳይበልጥ፣ በሐኪም ክትትል ነው። ሐኪሟ አልወቀሰችኝም፤ ስኳሩ ራሱም እንደሚያከሳ ነገረችኝ። እኔ ግን በገዛ እጄ ያደረግሁትን አውቃለሁ።

የሆድ አልትራሳውንድ ተነሣ። ዋጋው ለእማዬ በሁለት ወር የምልከውን ያህል ነበር፤ ያለ ተጨማሪ ሥራም አልቻልኩትም፤ ሁለት እሑዶች ሌላ ሰው ተክቼ ሠርቼ ከፈልኩት። ጉበቱ ተልቆና በስብ ምክንያት ነጣ ብሎ ታየ፤ የሐሞት ቱቦው አልተዘጋም፤ ቆሽቱም አላበጠም። ከጉበቱ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ ማየትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጉበቱ የታመመ ድመት ደሙ በቀላሉ ላይረጋ ስለሚችል ቀድሞ ቫይታሚን ኬ ሊሰጠው፣ የደሙ መርጋትም ሊለካ ይገባል። እየበላ ስለሆነ መጀመሪያ አራት ሳምንት እንጠብቅ ተባባልን። ኢንሱሊኑ በሷ ትእዛዝ ወደ ሁለት ዩኒት ከፍ አለ፤ በባዶ ሆድ የሚዋጥ የጉበት ክኒንም ተጨመረለት።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ እሱን መመገብ ሆነ። ደረቁን ምግብ ትቼ ፕሮቲኑ የበዛ፣ ስታርቹ ያነሰ የቆርቆሮ ምግብ በግራም እየመዘንኩ፣ ለብ አድርጌ አቀርብለታለሁ። ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር እኔ ሽሮዬን እየበላሁ ለእሱ የዶሮ ሥጋ እቀቅል ነበር። ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ። (ለማያውቅ ሰው መናገር ይገባኛል፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ስለዚህ ከማዕዳችን ለድመት መቁረስ አይገባም።) አንዳንድ ቀን አሽትቶ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በጣቴ አስልሰዋለሁ። አንድ ሲል ሁለት፣ ሁለት ሲል ሦስት እያለ ሳህኑን ያጋምሰዋል። ከዚያ በኋላ ነው መርፌውን የማነሣው።

እማዬ በየቀኑ መጠየቅ ጀመረች። የእሷን የጠዋት ስኳር ስትነግረኝ የውሮን ደግሞ እነግራታለሁ፤ ከጆሮው ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስጄ የምለካው ነው። አንድ ቀን «የኔንም እዚያው ጻፊልኝ፤ ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ይጠፋብኛል» አለችኝ። ደብተሬ ላይ መስመር አሰመርኩ፤ በግራ የእሷ፣ በቀኝ የውሮ።

በመስከረም አጋማሽ ደሙ እንደገና ተመረመረ። ኤኤልቲው 205 ነው፤ ገና ከልኩ በላይ ነው። ኤኤልፒው 96 ሆኖ ወደ ልኩ ተመልሷል። ክብደቱ በጥቂቱ ጨምሮ 13 ፓውንድ ከ6 አስረኛ ደርሷል፤ ተረከዙም ከመሬት መነሣት ጀምሯል። ሐኪሟ ከጉበቱ ናሙና መውሰዱን ለጊዜው አቆይታዋለች። የሚቀጥለው ምርመራ ጥቅምት 20 ነው፤ እማዬ ውጤቱ በመጣ ሰዓት፣ እዚያ ሌሊትም ቢሆን፣ እንድደውልላት አስጠንቅቃኛለች።