19 ቆጥሬ የጣልኳቸው ሴሎች

ሁለት ሳምንት ሙሉ ደህናዎቹን ሴሎች እየጣልኩ ነበር።

አይጥ 40 ክሮሞዞም አላት። በወንዱ የዘር ፍሬ ውስጥ በሚዮሲስ (የዘር ሴል በሚሠራበት ክፍፍል) ጊዜ ሲጣመሩ 19 ተራ ጥንዶችና አንድ የኤክስና የዋይ ጥንድ ይወጣቸዋል። በድምሩ 20። እኔም ይህችን ቁጥር ሸምድጄ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀመጥኩ። የእኔ አይጦች ግን ሮበርትሶኒያን የሚባለው ውህደት ነበረባቸው። ሁለት ክሮሞዞሞች ሴንትሮሜራቸው (ሴል ሲከፈል የሚጎተቱበት ቦታ) ላይ ተጣብቀው አንድ ረጅም ሆነዋል፤ ያውም ከአንድ ወላጅ ብቻ የመጣ። እቆጥራለሁ፣ 19። እደግማለሁ፣ 19። "ሴሉ ሲዘረጋ አንዱ ጠፍቷል" እልና አልፈዋለሁ።

በመጨረሻ ወረቀት ላይ ሣልኩት። ረጅሙ መሃል ላይ፣ ከሌላው ወላጅ የመጡት ሁለቱ ያልተጣበቁ ነጠላዎች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው። ሦስቱ ትራይቫለንት የሚባለውን ሦስትዮሽ ሠሩ ማለት ነው። 17 ጥንድ፣ አንድ ሦስትዮሽ፣ አንድ ኤክስና ዋይ፤ 39 ክሮሞዞም በ19 ቅርጽ። ለካ መጠርጠር የነበረብኝ 20 ያገኘሁባቸውን ነው! እዚያ አንዱ ነጠላ ሳይጣመር ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ዝግጅቱ ላይም ተቀጥቻለሁ። ሴሎቹን ጨው በቀነሰ ፈሳሽ አሳብጠን፣ ፎርማልዴሃይድ በተቀባ ስላይድ ላይ እንዘረጋቸዋለን። ከዚያ እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ ቀስ ብለው መድረቅ አለባቸው። እኔ ቸኩዬ ክዳኑን ከፈትኩት። ክሮሞዞሞቹ ተደራርበው የተቋጠረ ክር መሰሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መጣመራቸውን ማወቁ ነበር። ቀለም የምናስይዘው ኤስዋይሲፒ3 የሚባል ፕሮቲን የክሮሞዞሙን አክሲስ (ዘንጉን) ያሳያል፤ ቢጣመርም ባይጣመርም ያበራል። ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ስላየሁ ብቻ "ተጣምረዋል" ብዬ መዘገብኩ። በመሃላቸው ዚፑን የሚዘጋው ኤስዋይሲፒ1 የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ነው። እሱን ስጨምር ከትራይቫለንቱ ሴንትሮሜር አጠገብ ክፍት ቦታ ወጣ። ያልተጣመረ ወይም የተሰበረ ቦታ ላይ የሚታየው ጋማ ኤችቱኤኤክስ የሚባለው ምልክትም እዚያው ላይ ደመና ሠርቷል።

ይሄኔ "ብልሽት አገኘሁ" ብዬ ፈነደቅሁ። ደስታዬ አልቆየም። ሴሎቹን በፓኪቲን (ጥንዶቹ ተጣምረው በሚቆዩበት የሚዮሲስ ደረጃ) መጀመሪያና መጨረሻ ስለያቸው፣ ዘግይተው ባሉት ብዙዎቹ ላይ ክፍተቱ ተዘግቷል። የሁለቱ ነጠላዎች ጫፎች፣ ዘመድ ባይሆኑም፣ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ደረጃውን ሳልጽፍ የቆጠርኳቸውን ሴሎች በሙሉ ከሰንጠረዡ አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። አሁን መጀመሪያ የማየው የሴሉን ደረጃ የሚነግረኝን የኤክስና የዋይን ቅርጽ ነው፤ ቆጠራው ከዚያ በኋላ ይመጣል።