ዕጣ የማይወጣበት ዕቁብ

ቅዳሜ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ነገ ከተራ ነው። እማዬ ነጠላዋን ተኩሳ ወንበር ላይ ዘርግታ ቀድማ ተኝታለች። እኔ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ አንድ ሥዕል ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ብዕሩን ከማንሳቴ በፊት ግን ይህ ሥዕል ተቆልፎብኝ ስለነበረበት ጊዜ መጻፍ ፈለግኩ።

ሥዕሉ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የነበረ አንድ ቤት ነው። ከታች ሻይ ቤት፣ ከላይ የእንጨት በረንዳ፣ ደረጃው ወደ ግራ ያዘመመ። የሻይ ቤቱ መስኮት አረንጓዴ ቀለሙ እየተላጠ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ ቡናማ ይታይ ነበር። ቤቱ ባለቤት በቀየረ ቁጥር የተቀባ ይመስለኛል። በ2015 በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ ኅዳር 2016 ላይ መሳል ጀመርኩ። በዚያው ዓመት ሰፈሩ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሥዕል ከሥራ መልስ የምነካካው ነገር ብቻ መሆኑ ቀረ።

እንጀራዬ ሒሳብ ሥራ ነው። ሥዕል ማንም አይከፍለኝም፣ እንዲከፍለኝም አልፈልግም። ማታ ማታ፣ እራት ተበልቶ ዕቃው ከታጠበ በኋላ ለራሴ የምሠራው ነው።

ያኔ የምሥልበት ፕሮግራም በየወሩ የሚከፈልበት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ከዚህ በታች ከማነሳቸው ውስጥም የለም። ወሩ 8 ዶላር ነው። እኔ የውጭ ምንዛሪ የሚያወጣ ካርድ ስለሌለኝ የሚከፍልልኝ ሜሪላንድ ያለው ወንድም ጋሼ ነበር፤ እሱ በዶላር ይከፍላል፣ እኔ ተመጣጣኙን ብር ለእማዬ እሰጣለሁ፣ እሱ ደግሞ ለእሷ ከሚልከው ላይ ያቀናንሳል። እንዲህ እንዲህ እያልን ወራቱን ገፋን።

ጥቅምት 2017 ላይ ባንኩ ካርዱን ቀየረለት። እሱ ረሳው፣ እኔ አላወቅኩም። ማታ እንደ ልማዴ ሥዕሉን ከፈትኩ፤ ቤቱ ከነበረንዳው፣ ከነደረጃው ብቅ አለ። ብዕሩን መስኮቱ ላይ አሳረፍኩ፣ ምንም አልወጣም። ደግሜ ተጫንኩ። በብዕሩ የምሥልበት ታብሌት የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ከላይ በኩል ያለችውን ቀጭን ጽሑፍ ያየኋት ከዚያ በኋላ ነው፤ ክፍያው አልተሳካም፣ ፋይሉን መመልከት እንጂ መሥራት አይቻልም ትላለች። አውጥቼ በሌላ ዓይነት ፋይል ላስቀምጠው ብል ያም ተዘግቷል።

የገዛ እጄ ሥራ ነው። ቤቱ ደግሞ የለም፤ ሄጄ ደግሜ አላየውም። በመስታወት በኩል እንደማየት ሆነብኝ።

ወንድም ጋሼ ጋ ደወልኩ። እዚያ ቀን ነው፣ ሥራ ላይ ነበር። «ይቅርታ እታለም፣ ከሥራ ስወጣ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው እኔ መስኮት እንድቀባ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቀኝ በጣም አፈርኩ። ስልኩን ስዘጋ እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«ስንት ነው በወር?»

ነገርኳት።

«ስንት ጊዜ ከፈልሽ?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ታዲያ ዕጣው መቼ ነው የሚወጣልሽ?»

እማዬ በወር መክፈልን የምትንቅ ሰው አይደለችም። ከሰፈር ሴቶች ጋር ዕቁብ ስትጥል ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ፍሪጁ የዕቁብ ነው፤ የእኔ የኮሌጅ ክፍያም አንዱ ዓመት በዕቁብ ነው የተከፈለው። እሷ የምታውቀው ወርሃዊ ክፍያ ተራ አለው፤ ተራሽ ሲደርስ ገንዘቡ እጅሽ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ ፍሪጁን አይቆልፍብሽም። ዕጣ የለውም ስላት ግራ ገባት። «ካቆምሽስ?» አለችኝ። ስክሪኑን አሳየኋት። «እስካሁን የሰጠሽውስ የት ሄደ?» ቀኑን ሙሉ የሰው ሒሳብ የማስታርቅ ሰው ነኝ፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አላገኘሁም።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከጥር 2015 ጀምሮ 22 ወር፣ በ8 ዶላር ሲባዛ 176 ዶላር። ከዚያ ፋይሎቼ የተቀመጡበትን ቀን አንድ በአንድ አየሁ። ከ22ቱ ወር ብዕር ያነሳሁት በ9ኙ ብቻ ነው። ሰኔና ሐምሌ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፣ ከቢሮ የምወጣው መሽቶ ነው። አክስቴ ያረፈችበት ወቅት አለ፤ የዘመድ ሠርግ የነበረባቸው ሁለት ወራት አሉ፤ መብራት እየሄደ ያስመረረን ጊዜም ነበር። ለፍቅሩ የሚሥል ሰው ጊዜው እንዲህ ነው። አንድ ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ከዚያ ሁለት ወር አይነካውም፣ ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ይመለስበታል። ወርሃዊ ክፍያ የተሠራው በየቀኑ ለሚቀመጥበት፣ ከሥዕሉ ገቢ ለሚያገኝ ሰው ነው። ያ ሰው ወጪ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ደንበኛው ይተካለታል። እኔ ግን ላልሳልኩባቸው 13 ወራት 104 ዶላር ከፍያለሁ።

የምንዛሪው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከ120 አለፈ። ኩባንያው አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር የእኔ 456 ብር 960 ሆነ ማለት ነው። ደመወዜ በብር ነው። አንድ ጊዜ የገዙት ነገር ቢሆን ምንዛሪው የሚያገኘው በገዙበት ቀን ብቻ ነው፤ የወር ክፍያን ግን በየወሩ እየመጣ ያገኘዋል። ውጭ ያሉ ሰዎች ‹በየወሩ መክፈል ይሻላል ወይስ አንዴ መግዛት› እያሉ ሲከራከሩ ይህን የሚያነሳ ብዙም አላየሁም፤ እዚህ ላለን ግን ዋናው እሱ ነው።

ሚዛኑን ላለመሳት የሌላውንም ወገን አስብበታለሁ። ፎቶሾፕ የሚባለውን የምስል ፕሮግራም የሚሠራው አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲኤስ6 ከተባለው ዕትም በኋላ በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚሸጥ አዲስ ዕትም እንደማያወጣ አስታወቀ፤ ብዙ ሰው የዚህ ሁሉ መጀመሪያ አድርጎ የሚያነሳው እሱን ነው። ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ገነት አድርጌ ማውራት አልችልም። ፎቶሾፕ ሲኤስ6 ብቻውን 699 ዶላር ነበር። እኛ ጋ ማን ገዝቶት ያውቃል? ኮምፒውተር ጥገና ቤት ፍላሽ ይዘን እንሄዳለን፣ ልጁ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን፣ ይጭንልናል። እኔም የተማርኩት በዚያ ነው፤ ሥራ ይዤ ደመወዝ ማግኘት ስጀምር ግን የሰው ድካም በነፃ መጠቀም ከበደኝ። ወርሃዊ ክፍያ የጀመርኩትም 8 ዶላር የምችለው ስለመሰለኝ ነው። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎችም ደመወዝ ይፈልጋሉ፤ አንድ ጊዜ ሸጦ ለዘላለም ማሻሻያ በነፃ መስጠት የማያዋጣ ሒሳብ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ይረዳዋል?

ለዚህ ነው በክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት ላይ የብዙዎችን ያህል ያልተቆጣሁት። ይህ የጃፓን የሥዕል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሁለተኛውን ዕትም ሲያወጣ፣ አንድ ጊዜ ከፍለው የገዙት ሰዎች አዲሱን በነፃ አላገኙም። ተጠቃሚው አዘነ። ነገር ግን የገዙት ዕትም እጃቸው ላይ ቀረ፤ አዲሱን የፈለገ ይጨምርበታል፣ ያልፈለገ በያዘው ይሥላል። ለእኔ ይህ ንጹሕ ንግድ ነው። ፕሮክሬት የሚባለው ሌላ የሥዕል ፕሮግራም ደግሞ 12.99 ዶላር አንዴ ከፍለው ለዘለቄታው የሚጠቀሙበት ነው፤ የሚሠራው ግን በአፕል መሣሪያ ብቻ ስለሆነና አይፓዱ እዚህ የሚሸጥበት ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ አለፍኩት።

አፊኒቲ የሚባለውንም ፕሮግራም አስቤው ነበር። ለዓመታት ‹አንዴ ክፈል› እያለ የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ካንቫ የሚባል ኩባንያ ገዛው፣ በ2025 መጨረሻ ገደማ በነፃ ተለቀቀ። ደስ ይላል። ሆኖም ለመጠቀም የካንቫ አካውንት ያስፈልጋል። በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ የማየው ዋጋውን ብቻ አይደለም። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ፋይሌን ለመክፈት ነገ የማን ፈቃድ ያሻኛል? ዜሮ ብር ሆኖም መልሱ ‹የሌላ ሰው› ሊሆን ይችላል።

የመረጥኩት ክሪታ የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚሠሩት ሰዎች ነገ ቢተዉት እንኳ ኮምፒውተሬ ላይ የተጫነውን መጥቶ የሚዘጋብኝ የለም።

መውጣቱ ቀላል አልነበረም። ወንድም ጋሼ አዲሱን ካርድ ካስገባ በኋላ አንድ ወር ብቻ አስከፈልኩት፣ ፋይሎቼን ለማስወጣት። 63 ፋይል፣ አራት ሌሊት። እያንዳንዱን ከፍቼ ክሪታም በሚከፍተው በፒኤስዲ የፋይል ዓይነት አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ በክሪታ ከፍቼ ምን እንደጎደለ አያለሁ። የዶሮ ማነቂያው ቤት 41 ሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ የሥዕል ንብርብር፣ ነበረው። አብዛኛው ደህና መጣ። የሻይ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ የጻፍኩት የአማርኛ ፊደል ግን የሚታረም ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ሆኖ መጣ። በረንዳው ሥር የነበረውን ጥላ በሁለት ሌየር ለይቼ ሠርቼው ነበር፤ አንድ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። እሱን ለመለየት ብቻ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። የለመድኩት ብሩሽም የለም፤ እጄ እስኪለምድ ብዙ ወር መስመሬ ሁሉ ደረቅ ነበር፣ አንዳንድ ማታ አልቅሼ ዘግቼዋለሁ።

ባለፈው ወር ለወንድም ጋሼ ደውዬ አንድ ነገር አስቸገርኩት። ለክሪታ ሠሪዎች 20 ዶላር በስጦታ እንዲልክልኝ።

«ይኼስ በየወሩ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ አንዴ ነው። ሲኖረኝ ደግሞ እጨምራለሁ።»

ብሩን ለእማዬ ስሰጣት ለምን እንደሆነ ነገርኳት። «ለሠሩት ሰዎች ነው? እሱስ ይገባል» ብላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

አሁን መስኮቱ ላይ ነኝ። ቡናማውን፣ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን በሦስት ሌየር ከፍዬ፣ እንደ እውነተኛው ቤት ከሥር ጀምሬ እየቀባሁት ነው። ቡናማው አልቋል። ሰማያዊው ከማጠፊያው በላይ ደርሷል፤ ፎቶው ላይ እዚያ ጋ አንዲት ምስማር አለች፣ ዝገቷ እንባ መስሎ የወረደ። መብራት ካልሄደ አረንጓዴውን ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ።