ሐጂ ዱቄታችንን የመለሱብን ቀን

ደሴ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሆኜ ስቀጠር እናት ኩባንያው ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ኮምቦልቻ ላይ ዱቄት ፋብሪካና የጭነት ማመላለሻ፣ ደሴ ላይ የግንባታ ዕቃ ማከፋፈያ። እርስ በርስ «እህት ኩባንያ» ይባባላሉ፤ እናትየዋን ግን ከሠራተኛውና ከባንክ ሌላ የሚያውቃት አልነበረም። አለቃዬን የሚያንገበግበው ይኸው ነው። «የኢትዮጵያ አየር መንገድን እይ፤ ካርጎውም ዩኒቨርሲቲውም በአንድ ስም ነው የሚጠራው» ይለኛል። እኔም አምኜበት በሦስት ወር ውስጥ የመኪናውን በር፣ ደረሰኙን፣ የዱቄቱን ማዳበሪያ፣ ሁሉንም በእናትየዋ ሎጎ ሞላሁት።

አዲሱ ማዳበሪያ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ያሉት አከፋፋያችን ሐጂ 30 ኩንታል ዱቄት መለሱ። ሄድኩ። ሐጂ ማዳበሪያውን መታ መታ አድርገው፣ ስፌቱን ዳበስ አደረጉና «አብሽር የኔ ልጅ፣ አንተን አይደለም። ይሄ ግን የኛ ዱቄት አይደለም» አሉኝ። ፋብሪካው ያው መሆኑን ብምል ብገዘት አልሰሙኝም። «ባለ ቀይ ስንዴዋ የታለች?»

ዳቦ ቤቶቹ ዱቄቱን የሚጠሩት በድሮው ማዳበሪያ ላይ በነበረው የቀይ ስንዴ ስዕል እንጂ በስሙ አልነበረም። ስለ ሎጎው ቀለም ስድስት ስብሰባ ተቀምጠናል፤ አንድ ዱቄት ገዢ ግን አልጠየቅንም።

ብዙም ሳይቆይ ዱቄት የጫነ መኪናችን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ላይ ተገለበጠ። ሹፌሩና ረዳቱ እግዜር ይመስገን ተረፉ። እኔ ደሴ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ በስልክ በሰማሁት ብቻ «ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ተርፏል» ብዬ በእናትየዋ ገጽ ጻፍኩ፤ ዱቄት ፋብሪካው ቀዳው፤ ማመላለሻው ደግሞ በራሱ ገጽ «ከፊሉ ተበላሽቷል» አለ። በዚያው ሰዓት በቴሌግራም የሚዞረው ፎቶ ላይ አስፋልቱ በዱቄት ነጭ ሆኖ፣ በሩ ላይ ያ ሎጎ ጎልቶ ይታያል። ከሰዓት በፊት አንድ ዳቦ ጋጋሪ ደውሎ «ፋብሪካው ቆመ እንዴ?» አለኝ። ሎጎውን አንድ ሳደርግ አደጋውንም ለሁሉም እንዳካፈልኩ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ዜናው የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ መጻፍ ተውኩ። ነገሩ የደረሰበት ድርጅት ይጽፋል፣ በዓይኑ ያየ ሰው ቁጥሩን ይሰጣል፣ እናትየዋ ያንኑ ታጋራለች እንጂ ቃሉን አትለውጥም። ሹመት፣ ብድር፣ የባለቤትነት ለውጥ ከሆነ፣ ወይም የሰው ሕይወት ካለፈ ግን ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት።

ቀይ ስንዴዋም ተመለሰች፤ የእናትየዋ ስም ከታች በትንሹ ተጻፈ። ፌስቡክ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የእናት ኩባንያውን ስም ሜታ ሲያደርግ ዋትስአፕን ዋትስአፕ ብሎ ነው የተወው፤ «ሜታ» የምትለውን የምናያት መተግበሪያው ሲከፈት ከታች በኩል ነው። ለአለቃዬ ያሳየሁት ይህንኑ ነው። ፊቱ አልተፈታም፣ ግን ፈረመ።

ስዕሏን ስንመልስ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ለካ አልተመዘገበችም! ንግድ ቢሮ ያስመዘገብነው የንግድ ስሙን ብቻ ነው። እንደ ስዕሏ ያለ የንግድ ምልክት ግን በአዋጅ 501/1998 መሠረት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ለብቻው ይመዘገባል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። በማን ስም? ጠበቃችን የጠየቀን አንድ ነገር ነው፤ «ፋብሪካው ነገ ቢሸጥ ስንዴዋ አብራው ትሂድ ወይስ ትቅር?» ትሂድ አልኩ። አለቃዬ እስካሁን ትቅር ባይ ነው፤ በፋብሪካው ስም ግን ተመዘገበች። መኪኖቹ ላይ ሎጎው እንዳለ ነው፣ መኪና በስዕል የሚመርጥ የለምና።

የመጀመሪያውን ጭነት ለሐጂ ራሴ ወሰድኩ። ከታች ያለችው ትንሽ ጽሕፈት የእናት ኩባንያው ስም እንደሆነች፣ ለምን እንዳነሰች ሁሉ አስረዳሁ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠብቀው፣

«ዋጋውስ ያው ነው?» አሉኝ።