በሰመር አንድ ከባድ ኮርስ፦ እንዴት መርጬ እንደጨረስኩ

ኮሚኒቲ ኮሌጆች ለሰመር የሚያወጡትን የኮርስ ዝርዝር ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። እኔን ግን ወደ ነርሲንግ ፕሮግራም ለመግባት የቀሩኝን ኮርሶች ያስጨረሰኝ እሱ ነው። ሙሉ ሰዓት እየሠራሁ ነበር የተማርኩት። እዚህ አሜሪካ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ፣ እንዴት እንደመረጥኩና እንዴት እንደተወጣሁት ልንገራችሁ።

አገር ቤት የክረምት ትምህርት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን፣ መምህራን ክረምት በመጣ ቁጥር እየተማሩ ዲግሪያቸውን የሚይዙበት ነው። እዚያ ትምህርቱ በብዙ ክረምት ይከፋፈላል። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የአንድ ሴሚስተር ኮርስ እንዳለ በ5፣ በ6፣ በ8 ወይም በ10 ሳምንት ይታጨቃል። ክሬዲቱ ያው ነው፣ ምዕራፉም ያው ነው፣ ፈተናውም ያው ነው። የሚቀንሰው ጊዜው ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ወደ 45 የክፍል ሰዓት አለው። በ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 3 ሰዓት ይደርሳል። በ5 ሳምንት ከሆነ 9 ሰዓት። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የጥናት ሰዓት የሚለውን የተለመደ መለኪያ ከያዝን፣ ሌላ 18 ሰዓት ይጨመራል። ድምሩ በሳምንት 27 ሰዓት ነው። ለአንድ ኮርስ ብቻ! ሁለት ከሆኑ 54። ሥራውና ቤቱ ገና አልተቆጠሩም።

አብራኝ የምትሠራ፣ ይህን መንገድ ቀድማኝ የሄደች ታላቅ እህት የምትሆነኝ ነርስ አለች። "የኔ እህት፣ በሰመር ሁለት ሳይንስ አንድ ላይ እንዳትነኪ። አንዱን ያዥና ኤ አምጪበት" አለችኝ። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ወደ ነርሲንግ የሚገባው በውድድር ስለሆነ፣ በጥድፊያ ከተገኙ ሁለት ሲዎች አንድ ጥሩ ውጤት ይሻላል።

የትኛው ኮርስ ነው ለሰመር የሚስማማው? በእኔ እይታ ስታቲስቲክስን የመሰለ፣ የዛሬው ትምህርት በትናንቱ ላይ የሚቆም ኮርስ በአጭር ጊዜ ሲሰጥ እንዲያውም ይቀላል። ሳትረሱት ቀጣዩ ይመጣል። ድርሰት መጻፍ የሚበዛበት የእንግሊዝኛ ኮርስ ግን ተቃራኒው ነው። ጽሑፍ አሳድሮ መልሶ ማየት ይፈልጋል፣ 5 ሳምንት ደግሞ ለዚያ ፋታ አይሰጥም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ሁሉም የሚፈራው ነው። እኔ የወሰድኩት በረጅሙ፣ በ10 ሳምንቱ ነው። እንዲያም ሆኖ በሴሚስተር በሳምንት 3 ሰዓት ሌክቸርና 3 ሰዓት ላብ (የላቦራቶሪ ትምህርት) የነበረው ወደ 9 ሰዓት ከፍ ይላል። ያንን ሰመር ሌላ ኮርስ አልያዝኩም።

ከመመዝገቤ በፊት ኮርሱ የምፈልገው ፕሮግራም ውስጥ ተቀባይነት እንዳለው አረጋገጥኩ። እዚህ ላይ የጓደኛ ወሬ አይበቃም። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አሲስት የሚባለውን ድረ ገጽ፣ ሜሪላንድ ያላችሁ አርትሲስን፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ትራንስፈር ቨርጂኒያን ተመልከቱ። የትኛው ኮርስ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በምን እንደሚቆጠር ያሳያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሲ ወይም ከዚያ በላይ ያመጣችሁበት ክሬዲት ይተላለፋል፣ ግሬዱ ግን በአዲሱ ትምህርት ቤት ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። የነርሲንግ ፕሮግራሞች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንዳንዶቹ በኦንላይን የተወሰደ ላብ አይቀበሉም፣ አንዳንዶቹ የቆየ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም። መልሱን በኢሜይል ተቀብላችሁ አስቀምጡት። የኮርሱን ሲለበስም (የትምህርቱን ዝርዝር ዕቅድ) አትጣሉት፣ በኋላ ሊጠየቅ ይችላል።

ምዝገባ ቀድሞ ነው የሚከፈተው፣ ብዙ ቦታ ገና በጸደይ ሴሚስተር ውስጥ ሳለን። የላብ ክፍሎች ቦታቸው ውስን ስለሆነ ቶሎ ይሞላሉ። በሌላ በኩል ተማሪ ያልሞላው ክፍል ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ አማራጭ ሁልጊዜ ይኑራችሁ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ብዙዎቻችን ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) ለፎልና ለስፕሪንግ ብቻ የሚሰጥ ይመስለናል። ከ2017 ጀምሮ ግን ብቁ የሆነ ተማሪ በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ከድርሻው እስከ 150 በመቶ ድረስ ማግኘት ይችላል። ትልቁ ቅድመ ሁኔታ ይህ ነው፦ ድርሻችሁን በሁለቱ ሴሚስተር ከጨረሳችሁ፣ ተጨማሪውን ለማግኘት በሰመር ቢያንስ ግማሽ ጊዜ፣ ማለትም በአብዛኛው 6 ክሬዲት መመዝገብ አለባችሁ። ከድርሻችሁ የተረፈ ካለ ግን ባነሰ ክሬዲትም ሊከፈላችሁ ይችላል። አንድ ኮርስ ብቻ ውሰዱ የሚለው ምክሬ ከዚህ ጋር እንደሚጋጭ አውቃለሁ። መፍትሔው ሁለተኛውን ኮርስ ቀለል ያለ ማድረግና በሌላኛው ሴሽን መውሰድ ነው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲጀምር። ኮሌጁ ሰመሩን ከየትኛው ዓመት ፋፍሳ (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ) ጋር እንደሚቆጥረውና የተለየ የሰመር ፎርም ይኖር እንደሆነ ፋይናንሺያል ኤድ ቢሮውን ጠይቁ።

ቀኖቹም ይጠባሉ። ገንዘብ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን ክፍል በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል። የፌዴራል እርዳታ የሚወስድ ሰው ከጊዜው 60 በመቶ ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ ካቋረጠ ከተከፈለው ላይ መመለስ ሊኖርበት ይችላል። በ5 ሳምንት ኮርስ ይህ የሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ነው።

ጥናቱን በተመለከተ የጠቀመኝ ነገር ቢኖር ከክፍል በፊት ማንበብ ነው። በመደበኛው ሴሚስተር ቅዳሜና እሁድ ላይ ያመለጠንን እንይዛለን። በሰመር ቅዳሜ ሲደርስ ሌላ ምዕራፍ ደርሷል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያሉትን 206 አጥንቶች ስም ሳትይዙ ጡንቻዎቹ ይመጡባችኋል። ጡንቻ ከየትኛው አጥንት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ የሚጠየቅ ስለሆነ፣ ያኛው ከሌለ ይህኛው አይገባም። እኔ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ሞዴሎቹን በእጄ እየነካሁ፣ ስማቸውን ጮክ ብዬ እየጠራሁ ነበር የማጠናው። ላብ ክፍሉ ከክፍል ሰዓት ውጭ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቁ። በሰመር የላይብረሪና የቱቶር ሰዓት ያጥራል፣ ዓርብ ዝግ የሚሆንበት ኮሌጅም አለ።

መጽሐፍ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸውን የኦፕንስታክስ መጻሕፍት እዩ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂም ስታቲስቲክስም አላቸው፣ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባሉ።

ለአለቃዬ የነገርኳት የሥራ ስኬጁሉ ከመውጣቱ በፊት ነው። የፈተና ቀኖቹን ጽፌ ሰጠኋት። በእነዚያ ቀኖች ዋዜማ ማታ ሺፍት እንዳይመደብብኝ፣ በምትኩ ቅዳሜና እሁድ እንደምገባ ተስማማን። ኦቨርታይም ግን ተውኩ። ገቢዬ ቀንሷል፣ ቤተሰቤም ያንን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

የሰመር ግሬድ ብዙውን ጊዜ ነሐሴ ላይ ነው የሚወጣው። የማመልከቻ ቀን ከተቃረበባችሁ ትራንስክሪፕት ስታዝዙ "ግሬድ እስኪገባ ይቆይ" የሚለውን ምርጫ ምረጡ። ካልሆነ ኮርሱ ውጤት ሳይኖረው "በመማር ላይ" ተብሎ ይላካል፣ ሌላ ትራንስክሪፕት ማዘዝም ግድ ይሆናል።